ንፋሱ ከኋላችን ነበር

«ልጄ፣ ውሃ አይታመንም» አለችኝ እናቴ። ሻንጣ ስናዘጋጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጄን የዋና ቁምጣ እያጣጠፈች ነበር። እናቴ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። እኔም ብሆን እስከዚያ ቀን ድረስ ከላንጋኖና ከቢሾፍቱ ሐይቆች ያለፈ ውሃ አላየሁም። ቢሆንም ሳቅሁባትና ስልኬን አውጥቼ የባሕር ዳርቻውን ፎቶ አሳየኋት።

«እማዬ፣ እስቲ ተመልከቺው። ገበቴ ላይ የተቀመጠ ውሃ አይመስልም?»

«ሰው በገበቴም ይሰምጣል» አለችና ቁምጣውን ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

የምንሄደው ወደ ጃማይካ ነበር። ታላቅ እህቴ ከባሏና ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ቶሮንቶ ትኖራለች። እዚያ ክረምቱ ሲጠናባቸው፣ የካናዳ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ለሳምንት ያህል ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይወርዳሉ። «ዘንድሮ አብረን እንሂድ» ስትለን እቁባችን ደርሶን ነበር፤ የልጄም ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ሊዘጋ ነው። እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራና ከሠርግ ጉዳይ ውጭ ለእረፍት ብቻ አገር ለቀን ልንወጣ ሆነ። ጊዜው የ2017 ዓ.ም. የካቲት ነበር።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። የተማርኩትም ቢዝነስ ስለሆነ አንድ ነገር ሲያስጨንቀኝ ሠንጠረዥ እሠራለሁ። ለዚህ ጉዞም ኤክሴል ከፍቼ በሦስት ረድፍ «ስጋት»፣ «የመድረስ ዕድሉ» እና «መፍትሔ» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ ያለው ዝርፊያ ነበር። ስለ ጃማይካ በኢንተርኔት የሚነበበው አብዛኛው የወሮበሎች ተኩስ ስለሆነ ለዚህ ብቻ 7 መስመር ሞላሁ። ፓስፖርት የት እንደሚቀመጥ፣ ገንዘብ በስንት ቦታ እንደሚከፈል፣ ከጨለመ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ ሁሉ ተጽፏል። ባሕሩ የተጻፈው ከሁሉም በታች፣ በአንዲት መስመር ነበር፤ «ውሃ፤ ለልጁ መንሳፈፊያ ይገዛ።»

እህቴ ሠንጠረዡን በቴሌግራም ስልክላት ደወለች። «ጎበዝ፣ ግን ዋናውን ረስተሻል» አለችኝ። የቢጫ ወባ ክትባት ማለቷ ነበር። እሷ ከካናዳ ስለምትነሳ አይመለከታትም። ኢትዮጵያ ግን በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከተባሉ አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ከእኛ አገር ወደ ጃማይካ የሚጓዝ ሰው የክትባት ካርዱን መያዝ አለበት። ካርዱ ሥራ ላይ የሚውለው ደግሞ ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። «ነገ ጉዞ፣ ዛሬ ክትባት» አይሠራም። እኛ ከጉዞው በፊት አንድ ወር ሲቀረን ተከተብን።

ሁለተኛው ምክሯ አስቆኝ ነበር። «የልጁን የወታደር ቀለም ያለውን ሱሪ አውጪው።» የቀለደች መስሎኝ ነበር። ለካ በጃማይካ ከወታደር በስተቀር ማንም ሰው ዥጉርጉር የወታደር ልብስ መልበስ በሕግ ክልክል ነው፤ በሌሎች በርካታ የካሪቢያን አገሮችም እንዲሁ። የልጅ ሱሪም ሆነ የጀርባ ቦርሳ ልዩነት የለውም። ልጄ እያለቀሰ ሱሪው ከሻንጣ ወጣ።

ቶሮንቶ 3 ቀን ሰነበትንና አራት ሰዓት ያህል በርረን ሞንቴጎ ቤይ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ከዚያ ወደ ኔግሪል በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ጃማይካ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ይህን ማወቅና መንገድ ማቋረጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ባለቤቴ እንደ ለመደው ወደ ግራ አይቶ እግሩን ሲያነሳ፣ ከቀኝ በኩል የመጣ ሚኒባስ ፀጉሩን ሊነካው ትንሽ ቀረው። ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር በደረስን ቁጥር ልጄ «ቀኝ! መጀመሪያ ቀኝ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ከአውሮፕላን ማረፊያው የወሰደን ሹፌር ከየት እንደመጣን ጠየቀ። «ኢትዮጵያ» ስንለው መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደና በሩን ከፍቶ ባለቤቴን አቀፈው። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ ሴት አያቱ አውሮፕላን ማረፊያው ከነበረው ሕዝብ መካከል እንደነበረች፣ ሕዝቡ ጠባቂዎቹን ጥሶ አውሮፕላኑ ድረስ እንደሄደ፣ እየነዳ በደስታ ነገረን። ሻሸመኔን ሳያያት ሰፈሩ ይመስል ይጠራታል። እኔ እንባዬ መጣ። እህቴ ግን ከኋላ ወንበር በአማርኛ «ፍቅሩ ሌላ፣ ሒሳቡ ሌላ ነው። ዋጋውን ከመነሳታችን በፊት ተስማምተናል፤ እሱን ብቻ ትከፍላላችሁ» አለች። መኪናውን የመረጠችውም እሷ ነበረች። ፈቃድ ያላቸው የሕዝብ ማመላለሻዎች ቀይ ታርጋ አላቸው። ሌላው መኪና የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሹፌሩም የቱንም ያህል ቢያባብል አይገባበትም።

ኔግሪል ያለው የባሕር ዳርቻ «ሰባት ማይል» ይባላል። ሲለካ ስሙን ባይሞላም፣ ነጭ አሸዋው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። ፎቶው አልዋሸም፤ ውሃው በእርግጥም የገበቴ ውሃ ይመስላል። ሞገድ የለውም፤ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ እያለ ቀስ ብሎ ነው የሚጠልቀው። ሠንጠረዤን ሳስታውስ በራሴ ሳቅሁ። ደስታዬን የሚያደፈርሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በአሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሉት ሻጮች። አንዱ የዛጎል ጌጥ፣ አንዱ ኮኮናት፣ አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ያቀርባል።

ስለዚህ «ሌላ ነገር» በግልጽ ልናገር፤ ለእኛ ወጣቶች የሚያዘናጋ ነውና። ብዙ ሰው ጃማይካ ውስጥ ጋንጃ የተፈቀደ ይመስለዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ሕግ ጥቂት መጠን ይዞ መገኘትን ወደ መቀጫ ዝቅ አደረገው እንጂ ለማንም ሰው ክፍት አላደረገውም። ከአገር ይዞ መውጣት ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው። «ኢትዮጵያዊ ወንድሜ» ተብሎ በፍቅር ቢቀርብም፣ መልሱ በፈገግታ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ነው። ማንም ሰው «አድርስልኝ» ብሎ የሚሰጠውንም ዕቃ አለመቀበል ነው።

ከሻጮቹ መካከል አንዲት በእድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ «ፀጉርሽን ልሥራልሽ» እያለች መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ፊቴን አዞርኩባት። በሁለተኛው ቀን «አትፍሪኝ፣ እህቴ» ብላኝ ሄደች። አፈርኩ፤ ግን ቦርሳዬን አላላላሁም።

ሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሆቴሉ በገመድና በተንሳፋፊ ኳሶች ያጠረው የልጆች መዋኛ ሰው በዝቶበት ስለነበር ከገመዱ ትንሽ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ባለቤቴ ውሃ ሊያመጣ ሄደ፤ እህቴ ከልጆቿ ጋር ክፍል ነበረች። ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ከቶሮንቶ የገዛንለትን ቢጫ የዳክዬ መንሳፈፊያ ላይ ተቀምጦ፣ ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ በእጁ እየቀዘፈ ይጫወታል። «እኔ አለሁ» ብዬ ባለቤቴን የሸኘሁት እኔ ነኝ።

ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ በመካከላችን 8 ሰዓት ልዩነት አለ። አለቃዬ በማግስቱ ስለሚወጣው ማስታወቂያ አንዲት ቃል እንዳጸድቅ ጠየቀኝ። አነበብኩ፣ አሰብኩ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ መልሼ ጻፍኩ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አንገቴን ያቀናሁት የሴት ጩኸት ሰምቼ ነው። ያቺ ሹሩባ የምትሠራዋ ሴት እጇን ወደ ባሕሩ ዘርግታ ትጮሃለች። ዳክዬው ልጄን እንደያዘ ሄዷል። ያን ያህል ርቆ ይሄዳል ብዬ በሕልሜም አላስብም ነበር።

ሮጬ ገባሁ። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ እግሬ ቆመ። መዋኘት አልችልም። ይህን ሁሉ መንገድ፣ ይህን ሁሉ ሠንጠረዥ ሠርቼ ስመጣ፣ እኔም ሆንኩ ልጄ መዋኘት እንደማንችል የጻፍኩበት መስመር አልነበረም።

ልጄ እስከዚያ ድረስ አልፈራም ነበር። እንዲያውም እጁን ያውለበልብልኝ ነበር። የፈራው ጩኸቴን ሲያይ ነው። አልቅሶ፣ አንድ እግሩን ከዳክዬው አውጥቶ ወደ እኔ ሊወርድ ተዘጋጀ። ሴትየዋ እስከ ወገቧ ገብታ ክንዴን ያዘችኝ። «እንዳይወርድ ንገሪው! እዚያው ይቀመጥ በይው! አታልቅሺ፣ ንገሪው!» አለችኝ። እንዴት ድምፄን እንዳረጋጋሁ አላውቅም። «የእኔ ጌታ፣ አትውረድ! አንገቱን አጥብቀህ ያዝ! ጀልባ እየመጣልህ ነው!» አልኩት፣ ምንም ጀልባ ሳላይ። ልጄን የሚወስደው ንፋስ ከኋላዬ ስለነበር ድምፄንም ይዞለት ሄደ። ሰማኝ። እግሩን መለሰ። የዳክዬውን አንገት አቀፈ።

ሴትየዋ የጠራችው ወለሉ መስታወት የሆነ፣ ቱሪስቶች ዓሣ የሚያዩበት ጀልባ ዞሮ ሄዶ አነሳው። ከስልኬ ቀና ካልኩ ጀምሮ 10 ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እድሜዬን ከዚያች ቀን በፊትና በኋላ ብዬ ነው የምቆጥረው።

የጀልባው ባለቤት ልጄን አሸዋው ላይ አስቀምጦ፣ አንድ እፍኝ አሸዋ ወደ ላይ በተነ። አሸዋው ወደ ባሕሩ በረረ። «አየሽ? እዚህ ያለው ደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው። ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ፣ ከየብስ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው። ውሃውን እዚህ ዳር የሚያረጋው እሱ ነው፤ ቀላል ነገር አግኝቶ የሚወስደውም እሱ ነው» አለኝ። ያ ሁሉ ያማረ እርጋታ፣ ፎቶ አሳይቼ እናቴን የሳቅሁባት እርጋታ፣ ንፋሱ ከኋላችን ስለነበር የመጣ ነው። ፎቶ ደግሞ ንፋስ አያሳይም። የምርትን ፊት እያሳመርኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉሬን ለሴትየዋ ሰጠኋት። የጠራችውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። ከዚያ በላይ ስሰጣት መለሰችልኝ። «እንዴት አየሽው? እኔ አጠገቡ ሆኜ ያላየሁትን» አልኳት። «እኔም መዋኘት አልችልም። ስለዚህ ልጅ ውሃ ውስጥ ካየሁ ዓይኔን አልነቅልም» አለችኝ።

ማታ ባለቤቴ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ቆይቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቃሉ ምን ነበር?» ነገርኩት። ማስታወቂያውም በሌላ ምክንያት አንድ ሳምንት ዘግይቶ ወጣ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ላፕቶፕ ሳልከፍት፣ በሆቴሉ ማስታወሻ ወረቀት ላይ አዲስ ሠንጠረዥ ሠራን።

ከዚያ ወረቀት ለናንተም የሚጠቅመውን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ አንድ አዋቂ በስሙ ተለይቶ ጠባቂ ይሆናል፤ ተራው እስኪያልፍ ስልኩን ለሌላው ያስረክባል። «ሁላችንም እያየነው ነው» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ዳክዬና ጎማ መጫወቻ ናቸው። ልጅን የሚጠብቀው በልኩ የተገዛ፣ በማሠሪያ የሚጠብቅ የሕይወት ጃኬት ነው፤ እሱም ቢሆን የጠባቂን ዓይን አይተካም። ሦስተኛ፣ ከመግባታችሁ በፊት አሸዋ በትናችሁ ንፋሱን እዩ፤ የባሕር ዳርቻው ባንዲራ ካለው ትርጉሙን ጠይቁ። ቀይ ከሆነ አይገባም። ሞገድ ባለበት ዳርቻ ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት ቢያጋጥም ከእሱ ጋር መታገል ያደክማል፤ የሚዋኝ ሰው ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘ ከጅረቱ ይወጣል፤ የማይችል ደግሞ በጀርባው ተንሳፎ እጁን እያነሳ እርዳታ ይጠራል። አራተኛ፣ ልጅ ተንሳፋፊ ነገር ላይ ሆኖ ከራቀ፣ ይዞ እንዲቆይ ንገሩት። መዋኘት የማይችል ወላጅ ተከትሎ ቢገባ የሚፈለገው ሰው ሁለት ይሆናል።

ከውሃው ውጭም የተማርነው አለ። ፀሐዩ «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚለውን አያውቅም። ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን ትከሻው ተልጦ ሌሊቱን በሆዱ ተኝቶ አደረ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ጥላ፣ ባርኔጣና ሰንስክሪን ያስፈልጋል፤ ከውሃ በወጡ ቁጥርም መልሶ መቀባት ነው። የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ላይ ስለምትናከስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ለማታ ብቻ አይደለም። የአገሬው ዋና ምግብ አኪ የሚባል ፍሬ ከጨው ዓሣ ጋር ነው፤ በጣም ይጣፍጣል። ፍሬው ግን ዛፉ ላይ ራሱ ሳይከፈት ከተቆረጠ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ከታወቀ ምግብ ቤት ይበላል እንጂ ልጆች ከዛፍ ቆርጠው እንዲቀምሱ አይተውም። ፖሊስ 119፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ 110 ነው፤ ልጄም በቃሉ ይዞት ነበር። የሕክምና ወጪን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝተን ነበር፤ ደግነቱ አልተጠቀምንበትም። በመጨረሻም፣ በዚያ በኩል የማዕበል ወቅት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር 21 ገደማ ነው። የዋጋ ቅናሹ የሚበዛው ያኔ ስለሆነ ትኬቱ ሲረክስ ምክንያቱን ጠይቁ።

ዝርፊያውስ? ያ 7 መስመር የሞላሁበት ጉዳይ በእኛ ላይ አልደረሰም። አገሩ ከባድ የወንጀል ችግር እንዳለበት የራሱ ሰዎችም አይሸሽጉም፤ ኪንግስተንና ሞንቴጎ ቤይ ውስጥ እንግዳ ሊገባባቸው የማይገቡ ሰፈሮች አሉ። ጥንቃቄያችን አልከፋም። የከፋው ጥንቃቄዬ ሁሉ ወደ ሰው ዞሮ ጀርባዬን ለውሃው መስጠቴ ነው።

አዲስ አበባ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ሦስታችንም ዋና ትምህርት ተመዘገብን። ልጄ አሁን የመዋኛውን ወርድ ያቋርጣል። እኔ በጀርባዬ መንሳፈፍ ችያለሁ፤ ወደ ፊት ግን ገና ነው። እናቴን ስለዚያ ቀን ለመንገር ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሰምታ ስትጨርስ «ነግሬሽ ነበር» አላለችም። ልጄን ጠርታ ሁለት ጊዜ ግንባሩን ሳመችውና «ያቺን ሴት ማን ልበላት?» አለችኝ፣ በጸሎቷ ልታስባት። ስሟን አልጠየቅኋትም ነበር።

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለችው፣ ከፍተኛው ደረጃ 5 ላይ የደረሰች አውሎ ነፋስ የጃማይካን ምዕራብ ስትመታ፣ ቢሮ ውስጥ ሆኜ ዜናውን አየሁ። ስልኬን በእጄ ይዤ፣ ቁጥሯ እንደሌለኝ እያወቅሁ የስም ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የሄድንበት ዳርቻ፣ ያ ጀልባ፣ ያቺ ሴት ሹሩባ የምትሠራበት የዛፍ ጥላ ዓይኔ ላይ ዞሩ። ማታ ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ግን ስም አላስፈለጋትም። «ያቺን ልጄን ያየችልኝን» ብላ ሻማዋን ለኮሰች።